በጎ ፈቃድ ብቻውን ይበቃልን?
(ስለ መጀመሪያ ርዳታ)

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው መንገደኛ ጌታችን በምሳሌ የተናገረውን (ሉቃ. 10፥30-37) ያልሰማ ክርስቲያን በመካከላችን ይኖራል ብለን አናስብም። አባቶችም ምሥጢሩን ሲተረጕሙ ቍስለኛው አዳም፥ ርኅሩኁ ሳምራዊ ክርስቶስ፥ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱ ዲናርም ብሉይና ሐዲስ መሆናቸውን አስተምረውናል። ይህ ትርጓሜ የታወቀና የጸና ስለ ሆነ የምንጨምርበትም የምንቀንስለትም የለንም። ነገር ግን ምሥጢሩን በማድነቅ ብዛት ንባቡን እንዳንዘለው ያስፈራል። ንባቡ ሳምራዊው አዘነ ብሎ አያበቃምና። ቀረበ፤ በቍስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፤ አሰረው፤ በራሱ ከብት ላይ አስቀመጠው፤ ወደ ማደሪያው አድርሶ አስታመመው፤ በማግሥቱም ገንዘብ ሰጥቶ ለባለ ማደሪያው ዐደራ አለ። እነዚህ ሁሉ የእጅ ሥራዎች ናቸው። ዘይቱና ወይኑ ቀድሞ በስንቁ ውስጥ ነበሩ፤ ቍስልን ማሰርም የሚያውቅበት ሰው ነበረ።

ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ከዚሁ የሚነሣ ነው። ይኸውም፦ ለወደቀው ሰው ማዘንና ወደ እርሱ መሮጥ ብቻ ከዕዳ ነጻ ያደርገናልን? ወይስ እንዴት እንደሚረዳ አስቀድሞ መማር ራሱ የፍቅር ሕግ የሚጠይቀን ዕዳ ነው?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘነው አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር በትንሣኤ ሌሊት ሕዝቡ ሁሉ ጧፉን አብርቶ በቆመበት ሰዓት፥ ከኋላቸው የነበረ ሰው ጧፍ የአንዲት አሮጊት እናት ነጠላ ጫፍ ነካ። ስስ ጥጥ እሳት ሲነካው እንዴት እንደሚያያዝ ያየ ያውቀዋል። እናቲቱ ደንግጠው ወደ በሩ ሮጡ፤ በሮጡም ቍጥር ነበልባሉ ወደ ትከሻቸው ወጣ። ሕዝቡ እግዚኦ እያለ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ከመካከል አንድ የአብነት ተማሪ፥ ዕድሜው ከ15 የማይበልጥ ልጅ፥ ጋቢውን ገፎ ጠለፋቸውና በምድር ላይ አስተኝቶ ጠቀለላቸው፤ እሳቱም ጠፋ።

የእኛ ድርሻ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። እኛ፥ በዕድሜም በትምህርትም ከልጁ የምንበልጠው፥ ለፍስክ ከተዘጋጀው ምግብ መካከል ቅቤ እንዲመጣ አዘዝን። ዕንባ እያነባን የተቃጠለውን ክንድ በገዛ እጃችን ቀባነው። ሌላው የተወቀጠ ቡና አመጣ፤ ሌላው ከሥጋ ጋር የተጣበቀውን ጨርቅ ሊነቅል ሞከረ። ከሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ ከሁሉ አስቀድማ ያደረገችው ያን ቅቤና ቡና ከቍስሉ ላይ ማጠብ ነበር። በዚያ ሰዓት የሰማነው የእናቲቱ ጩኸት እሳቱ ሲነካቸው ከጮኹት የበረታ ነበረ። ነርሷም አልተቈጣችንም፤ «በቤተ ክርስቲያኑ ውሃ አልነበረምን?» ብላ ብቻ ጠየቀችን። ውሃው ነበረ። ቧንቧው እናቲቱ ከወደቁበት ቦታ ሃያ ርምጃ አይርቅም ነበር።

«ባለማወቅ ያደረጋችሁት ነውና በደል የለባችሁም» ያሉን ወንድሞች አሉ። ስለ ደግነታቸው እናመሰግናቸዋለን፥ ነገር ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልመሰለንም። ኦሪት በዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ባለማወቅ ለተሠራ ኃጢአት መሥዋዕት እንዲቀርብ ታዝዛለች። ቤተ ክርስቲያናችንም በማወቅም ሆነ ባለማወቅ ስለ ሠራነው ሁሉ ምሕረት እንድንለምን ታስተምረናለች። አለማወቅ ፈጽሞ ንጹሕ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ልመናው ባላስፈለገ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ አለማወቅ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ሰው ሊያውቀው የማይችለው ነው፤ በዚህ ማንም አይከሰስበትም። ሁለተኛው ዕውቀቱ በደጅ ቆሞ ሳለ በቸልታ ያልተቀበልነው ነው። ዘዳግም (22፥8) አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት የቤቱ ጌታ የደም ዕዳ ይሆንበታልና። ልብ አድርጉ፤ ባለቤቱ ማንንም አልገፋም፥ ለማንም ክፉ አላሰበም። በደሉ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ አስቀድሞ አለማሰቡ ነው።

በዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማንም ያላስተማራት የገጠር እናት ለልጇ ቃጠሎ ቅቤ ብትቀባ፥ እናቷ ያደረገችላትን ማድረጓ ነው፤ በእርስዋ ላይ አንፈርድም። የሚጠየቀው ማስተማር ሲቻለው ያላስተማረ ነው። እኛም በብዙ እሑዶች ስለ ምሕረት ሰብከናል፤ ስለ 20 ደቂቃ ውሃ ግን አንድ ቀን ስንኳ አልተናገርንም።

ይህ ሐሳብ አዲስ እንዳይመስል በዓለም ላይ የታወቀውን አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በአውሮጳውያን አቈጣጠር ሰኔ 24 ቀን 1859 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ በሶልፌሪኖ የፈረንሳይና የሰርዲንያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር ተዋጋ። ቍስለኞቹ በአቅራቢያዋ ወደምትገኘው ወደ ካስቲልዮኔ ከተማ ሲጎርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ ወለል ሳይቀር በእነርሱ ተሞላ። ስለ ራሱ ጉዳይ ሲጓዝ በዚያ የደረሰ አንሪ ዱናን የተባለ የስዊስ ሰው የከተማዪቱን ሴቶች አስተባብሮ፥ ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ፥ ውሃ ሲያጠጡና ቍስል ሲያስሩ ሰነበቱ። ይሁን እንጂ ይህ ሰው በ1862 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ የሴቶቹን ቸርነት አመስግኖ ብቻ አላለፈም። በጎ ፈቃደኞች በሰላሙ ጊዜ ተሰብስበውና ተምረው ቢቈዩ ኖሮ ምን ያህል ነፍስ በዳነ ነበር ብሎ ጠየቀ። በማግሥቱ ዓመት በ1863 ዓ.ም. የቀይ መስቀል መሠረት በጄኔቭ የተጣለው ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢጣልያ አገራችንን ልትወር ሦስት ወር ያህል ሲቀራት ነበር። ካስቲልዮኔዎቹ ሴቶች ፍቅር አልጐደላቸውም፤ የጐደላቸው የተማረ እጅ ነበር።

አሁን በየጊዜው የሚገጥመንን አንድ ክርክር እንመልከት። አንዳንዱ ምእመን «ቀኑ የደረሰ ሰው ቢረዱትም አይድንም፥ ቀኑ ያልደረሰ ባይረዱትም አይሞትም» ይላል። ይህ ንግግር የእምነት ልብስ የለበሰ ስንፍና ነው። ሕዝቅያስ ንጉሥ ታሞ ሳለ እግዚአብሔር በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደ ጨመረለት ተነግሮት ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና ያገኘ ሕመምተኛ ከወዴት ይገኛል? ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ተስፋውን የሰጠው አምላክ መድኃኒቱን አላስቀረም፤ ነቢዩም ቃሉን ካደረሰ በኋላ እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። ጸበሉንም ጸሎቱንም ከመጀመሪያ ርዳታ ጋር የሚያጣላ ሰው ካለ ይህን ምዕራፍ ደጋግሞ ያንብብ።

ሌላው እንቅፋት ፍርሃት ነው። ካህኑና ሌዋዊው ገለል ብለው ያለፉት ምናልባት ጨካኞች ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። የኦሪት ሕግ ካህን በድን እንዳይነካ ይከለክል ነበርና (ዘሌ. 21፥1) በሕይወትና በሞት መካከል ያለውን ሰው ነክተው እንዳይረክሱ ፈርተው ይሆናል። ወንበዴዎቹም ገና በአካባቢው ይኖሩ ይሆናል። ዛሬም ሰው ደምን ይፈራል፤ ከፖሊስ ጣጣና ከምስክርነት እንግልት ይሸሻል። የደሙ ፍርሃት መፍትሔ አለው፤ ጓንት ቢጠፋ በእጅ ላይ ንጹሕ ፌስታል ማጥለቅ ይቻላል። ስለ ሕጉ ግን ብዙ ሰው የተገላቢጦሹን ያስባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሚቀጣው፥ በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት ሊረዳ ሲችል በከባድ አደጋ ላይ ያለውን ሰው ዐውቆ ትቶ የሚያልፈውን ነው። ሳምራዊው ራሱ ዛሬ ቢኖር ሕጉ ከእርሱ ጋር እንጂ ከሌዋዊው ጋር አይቆምም።

ደግሞ ከላይ ያልነውን ይዞ «እንግዲያስ ካልተማርሁ አልነካም» የሚል ቢኖር፥ እርሱ የሌዋዊውን መንገድ በሌላ ስም ጠራው እንጂ አልተወውም። ምንም ያልተማረ ሰው ቢያንስ ይጮኻል፥ ይጠራል፥ የከበበውን ሰው ይበትናል፥ የፈሰሰውን ደም በመዳፉ ይጫናል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ካህንና ምእመን ሊያውቀው የሚገባውን ጥቂት እንናገር፤ ከቃጠሎም እንጀምር፥ በደላችን በእርሱ ነውና። ልብሱ የተያያዘ ሰው መሮጥ የለበትም። በምድር ላይ ተኝቶ ይንከባለል፤ የቀረበውም በጋቢ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ይጠቅልለው። ናይሎን አይሁን፤ ቀልጦ ከሥጋ ጋር ይጣበቃልና። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የተቃጠለውን አካል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱበት 20 ደቂቃ ያህል ማቈየት ነው፤ በረዶ ግን አይደረግበትም። ነበልባሉ ከልብሱ ቢጠፋም ሙቀቱ ወደ ሥጋው ጠልቆ ማቃጠሉን አይተውም። ውሃው ያን ሙቀት ያወጣዋል፤ ቅቤው ግን ያፍነዋል፥ ቍስሉን ለምርቀዛ ያጋልጠዋል፥ ከሐኪሙም ዐይን ይጋርደዋል። ቡናው፥ የጥርስ ሳሙናው፥ ጭቃው ሁሉ ከቅቤው ጋር አንድ ናቸው። ቀለበትና አምባር እጁ ሳያብጥ ይውለቁ፤ የተጣበቀ ጨርቅ አይነቀል፤ ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። የቀረው ገላው እንዳይበርደው ለብሶ፥ ቍስሉ በታጠበ ነጠላ በስሱ ተሸፍኖ ወደ ሐኪም ይሂድ። 20 ደቂቃ ረዥም ጊዜ ነው፤ ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙራቱን እያለ ሊለካው ይችላል።

ደም ሲፈስ ደግሞ የሚያስፈልገው መጫን ነው። ንጹሕ ጨርቅ በቍስሉ ላይ አድርጎ በሙሉ ክብደት መጫን፥ ቆመ ወይስ አልቆመም እያሉ ሳያነሡ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጽናት። ጨርቁ ቢርስ ሌላ ይደረብበታል። ቢላዋ ወይም እንጨት ተሰክቶ ከሆነ አይነቀል፥ በዙሪያው ይጫኑ እንጂ፤ የተሰካው ነገር ራሱ የደሙን መንገድ ዘግቶ ይሆናልና። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም በምንም ካልቆመና ሰውዬው ሊያልቅ ከሆነ ብቻ፥ ከቍስሉ ከፍ ብሎ፥ ከመገጣጠሚያው ላይ ሳይሆን፥ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ማሰርና የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ ነው። እባብ ለነደፈው ግን እንዲህ አጥብቆ ማሰርም፥ መብጣትም፥ መምጠጥም ጕዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት መፍጠን ነው።

ራሱን የሳተውን ሰው ትከሻውን ነክተን እንጠራዋለን። ካልመለሰ ደረቱ ከፍና ዝቅ ማለቱን ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ እናያለን። የሚተነፍስ ከሆነ፥ ከከፍታ ወድቆ ወይም መኪና ገጭቶት አንገቱና ጀርባው ካላስጠረጠረን በቀር፥ ምላሱና ትውከቱ እንዳያንቀው በጐኑ እናስተኛዋለን። ባገራችን ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውሃ ማፍሰስ ተለምዷል፤ ጸበልም ቢሆን በግንባሩ ይረጭ እንጂ በአፉ አይፍሰስ። መዋጥ የማይችል ሰው ውሃው ወደ ሳንባው ይገባል፥ የባረክነውም ውሃ ያንቀዋል። የማይተነፍስ ከሆነ ግን ጊዜ የለንም፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንጐሉ መጐዳት ይጀምራል። አንዱ ርዳታ ሲጠራ ሌላው በደረቱ መካከል የመዳፉን ሥር አኑሮ፥ ክንዱን ሳያጥፍ፥ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እየተጫነና እየለቀቀ፥ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ያድርግ። ይህ ለዐዋቂ ሰው ነው። የሠለጠነ ሰው ከየ30ው ጭነት በኋላ ሁለት ጊዜ በአፉ እስትንፋስ ይሰጠዋል፤ ያልሠለጠነው መጫኑን አያቋርጥ። አጥንት ቢሰበርስ ብሎ የሚፈራ አለ። አዎን ሊሰበር ይችላል፤ የጐድን አጥንት ግን ይጠገናል።

ስለሚጥል በሽታ ስንጽፍ ማፈራችንን አንሸሽግም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንዲህ ያለ ሰው ሲወድቅ አንዱ ክብሪት ጭሮ ከአፍንጫው ሥር ያጤሳል፤ ሌላው በጥርሱ መካከል ማንኪያ ወይም እንጨት ይከታል፤ አብዛኛው ግን ዐረፋው የነካው በሽታው ይጋባበታል ብሎ ይሸሻል። ሦስቱም ስሕተት ናቸው። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ድንጋዩንና እሳቱን ከአጠገቡ ማራቅ፥ የታጠፈ ነጠላ ከራሱ ሥር ማድረግ፥ እጅና እግሩን አስገድዶ አለመያዝ፥ መንፈራገጡ ሲያባራ በጐኑ ማስተኛት፥ እስኪነቃም አብሮት መቀመጥ ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ደጋግሞ ከጣለው ሐኪም ያስፈልገዋል። ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የሸሹትን ሰዎች ጀርባ እንዳይሆን የሚቀመጠው ሰው ማን ነው? ካህኑ ቢሆን መልካም ነበር።

በጾም፥ በተለይም በስቅለት ስግደት ጊዜ፥ ሰው ሲደክምና ሲወድቅ ብዙ ጊዜ አይተናል። ያን ጊዜ ደጋግፈው ሊያቆሙት ይታገላሉ፤ የሚጠቅመው ግን በጀርባው አጋድሞ እግሩን ከፍ ማድረግና ነፋስ እንዲያገኝ ሕዝቡን ማራቅ ነው። የስኳር ሕመምተኛ መሆኑ ከታወቀና፥ ልቡናው ሳይጠፋ ቢያልበውና ቢንቀጠቀጥ፥ ስኳር ወይም ማር ይሰጠው። እዚህ ላይ የኅሊና ጥያቄ ይነሣል፤ ሊቈርብ የቆመ ሰው ይህን ከቀመሰ በዚያ ቀን አይቈርብም። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስገድድም፤ ቍርባኑም በሌላ ቀን ይጠብቀዋል። ማሩን የከለከለ ሰው ግን ነገ የሚጠብቀውን ዕድል ወስዶበታል። ቀዳስያኑ ከመቅደሱ ሊወጡ አይችሉም፤ የቀረነው ግን እንችላለን። ሐዋርያው ጳውሎስ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሲያስተምር አውጤኪስ የተባለው ጐልማሳ አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ደርብ በወደቀ ጊዜ (ሐዋ. 20፥9-12) ትምህርቱን አቋርጦ ወረደ እንጂ ስብከቴን ልፈጽም አላለም። የቀረውን ትምህርት ተመልሶ እስኪነጋ ድረስ ፈጸመው።

ዕውቀትም ድንበሩን ካላወቀ ሌላ ጥፋት ነው። ሳምራዊው አስሮ፥ ጭኖ፥ አንድ ሌሊት አስታሞ ለባለ ማደሪያው አሳልፎ ሰጠ እንጂ እኔ ልፈውሰው ብሎ በዋሻ አላስቀመጠውም። የሲራክ መጽሐፍም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር የሚመክረው እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ስለ ሆነ ነው። የመጀመሪያ ርዳታ የተባለው መጀመሪያ ስለ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው የሐኪሙ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ስልክ ይጠራል፤ ይህን ቍጥር በደጀ ሰላሙ በር ላይ በጕልህ መጻፍ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

እናቲቱ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ክንዳቸው ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። ባለፈው የትንሣኤ ዋዜማ በበሩ አጠገብ ሁለት ባልዲ ውሃና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ስናስቀምጥ አይተው «አባ፥ ይህ ለማን ነው?» ብለው ጠየቁን። «ለእርስዎ ነበረ፥ እማማ፤ ዘገየብን» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ባልዲዎቹን ተመለከቱና፥ ሁለቱም በወንዶች በር በኩል መቀመጣቸውን አይተው፥ ረዥም ነጠላ የሚለብሱት ሴቶች ናቸውና አንዱን ወደ ሴቶች በር እንድናዛውረው አዘዙን። አዛወርነው።